ሕፃናትና የምግብ አለርጂ፦ በአርባ ምንጭ ሴቻ የቀረበ ንግግር



ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ቤት ስናስተምር አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፦ «ቀድሞ በእንቁላልና በለውዝ የሚታመም ልጅ አናውቅም ነበር። ዛሬ ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆች መርፌ ይዘው ይዞራሉ። ንጽሕናው ይሆን ያመጣው?» ጥያቄው ተገቢ ነውና እንመልሰው።

የምግብ አለርጂ የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ምግብ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋው የሚመጣ ሕመም ነው። በልጅነት ከጥቃቅን ተሕዋስያን ጋር ያልተዋወቀ መከላከያ ወዳጅን ከጠላት መለየት ያዳግተዋል የሚል ሐሳብ አለ። በአገራችንም በጅማ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2001 የታተሙ ጥናቶች፣ አስም ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ፣ ብዙ የመንጠቆ ትል ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ የደረት ሲርሲርታ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ታዲያ ትሉን እንተወው? ፈጽሞ አይገባም። አስምና የምግብ አለርጂ አንድ አይደሉም፤ ትሉም ደም መጦ እናትን ያመነምናል፣ የልጅን ዕድገት ይገታል።

ሌላው ምክንያት ምግብን ማዘግየት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ለአለርጂ የተጋለጡ ልጆች እስከ ሦስት ዓመት ለውዝ እንዳይቀምሱ መክሮ ነበር፤ በ2008 ግን ምክሩን አነሣ። በ2015 በለንደን የተደረገ ጥናት ደግሞ ለአለርጂ ከተጋለጡ ከ600 በላይ ሕፃናት መካከል፣ ለውዝ ከተከለከሉት 17 በመቶ ያህሉ፣ አዘውትረው ከተመገቡት ግን 3 በመቶ ያህሉ ብቻ በአምስት ዓመታቸው አለርጂ እንዳደረባቸው አሳየ።

በእኛም ዘንድ የጾሙ ዕቃ በፍስክ ይነካል በሚል ስጋት ለሕፃኑ እንቁላል የማይቀቀልበት ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት እንዲጾሙ አታስገድድም፤ ለሕፃኑ አንድ ድስት መለየት ይበቃል።

ስለዚህ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ በኋላ የበሰለ እንቁላል፣ እሾሁ በደንብ የወጣለት የጫሞና የአባያ ዓሣ፣ በገንፎ ውስጥ የላመ ለውዝ በጥቂት በጥቂቱ እናስለምድ። ቆዳው ክፉኛ የሚቈስል ልጅ ካለ አስቀድመን ሐኪም እናማክር። ምግብ ቀምሶ ከንፈሩ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ፤ «ይለምደዋል» ተብሎም ያው ምግብ አይደገምለት። እጅ መታጠቡና የትል መድኃኒቱም ይቀጥል።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።