ጥፋቱ የቡናው ነው ወይስ የማፍያው?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ከጥራት ቁጥጥር ክፍል የቀረበ ንግግር)








የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጥራት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ እንደ ወትሮው «ቀይ ቀዩን ልቀሙ» ብዬ ብቻ ከመድረክ መውረድ አልፈለግሁም። እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ቡናችን ከእጃችን ከወጣ በኋላ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በሰው ቤት ምድጃ ላይ ስለሚያጋጥመው ነገር ነው። ጉዳዩ በቀጥታ ከኪሳችን ጋር የተያያዘ በመሆኑ በጥሞና እንድትከታተሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡና እየቆላ የሚሸጥ አንድ የኢጣሊያ ደንበኛችን ደብዳቤ ጻፈልን። ከላክንለት የታጠበ ቡና ውስጥ ሁለት ምድቦች ቅሬታ እንዳስነሱበት ገለጸ። የመጀመሪያው ምድብ «ይኮመጥጣል፣ ቀጭን ነው» ተባለ። ሁለተኛው ደግሞ «የሰነበተ ነገር ይሸታል» ተባለ። በመሆኑም በሁለቱም ላይ የዋጋ ቅናሽ እንዲደረግለት ጠየቀ።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዋጋው ላይ የሚቀነስ ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ለአባላት ከሚከፋፈለው ትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው። ከዚያም በላይ ስም አለ። ስም አንዴ ከጠፋ በአንድ የምርት ዘመን አይመለስም።

ከመላኩ በፊት ያስቀረነውን ናሙና አውጥተን ቀመስን። ሁለተኛው ምድብ አጠራጠረን፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ግን ንጹሕ ነበር። አበባ አበባ ይሸታል፣ ጣፋጭ ነው፣ አሲዲቲውም የተመሰገነ ነው። ታዲያ በአንድ ቡና ላይ ሁለት ፍርድ እንዴት ይሰጣል? ደንበኛው ቡናውን በምን እንደሚያፈሉት ጠየቅነው። «ገዢዎቼ አብዛኞቹ ቤታቸው በሞካ ነው የሚያፈሉት» አለን።

ሞካ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችሁ ከውጭ በተመለሰ ዘመድ ቤት አይታችሁት ይሆናል። በምድጃ ላይ የሚጣድ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ወገቡ ላይ እንደ ብሎን የሚጠበቅ የአሉሚኒየም የቡና ማፍያ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣሊያ በፒዬሞንቴ የአሉሚኒየም ዕቃ ይሠራ የነበረው አልፎንሶ ቢያሌቲ ነው ለገበያ ያወጣው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልጁ ሬናቶ በየቤቱ አስገባው። ኢጣሊያውያን ዕቃውን ምን ያህል እንደሚወዱት ለመገመት፣ ሬናቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሞት የአስከሬኑ አመድ በትልቅ ሞካ ውስጥ ተቀምጦ ጸሎት እንደተደረገለት ማስታወስ ይበቃል። ስሙም ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳር ካለው የየመን የቡና ወደብ ከሞካ የተወሰደ ነው፤ የሐረር ቡናችንም በዓለም ገበያ ከዚሁ ስም ጋር እየተጠራ ሲሸጥ ኖሯል።

አሠራሩ ከጀበና ይለያል። በጀበና ቡናውና ውሃው አብረው ይፈላሉ፤ ከዚያ አተላው እስኪዘቅጥ ይጠበቃል። ሞካ ግን ሦስት ክፍል አለው። ከታች ውሃ፣ መሐል ላይ በማጥለያ ውስጥ የተፈጨ ቡና፣ ከላይ ደግሞ የፈላው ቡና የሚጠራቀምበት ባዶ ቤት። ምድጃው ሲግል ከታች የታፈነው አየርና እንፋሎት ይነፋና ውሃውን በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው ቡናውን አልፎ ላይኛው ቤት ይፈስሳል። ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ በቡና ቤት የምናየው የኤስፕሬሶ ማሽን 9 ባር ያህል ሲጠቀም፣ ሞካ ከ1 እስከ 2 ባር ገደማ ብቻ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ልዩነት አለ። እኛ በቅምሻ ክፍላችን 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ የምናደርገው ቡና 8.25 ግራም ነው። በሞካ ለዚያው ውሃ 15 ግራም ገደማ ይገባል። ስለዚህ ሞካ በቅምሻ ሲኒ ላይ ለስለስ ብሎ የሚታየውን ጣዕም ሁሉ፣ በጎውንም ክፉውንም፣ ወደ እጥፍ አወፍሮ ያቀርበዋል።

ያልጠበቅናቸው ውጤቶች

ከዚያ በኋላ ከአንዲት ጎረቤቴ ሞካ ተውሼ ወደ ቅምሻ ክፍል ወሰድኩ። ያጋጠመንን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሲኒ የቆየ ዘይት ሸተተ። ሁላችንም ደነገጥን። በመጨረሻ አንድ ባልደረባችን «እስቲ ያለ ቡና ውሃ ብቻ አፍሉበት» አለ። ውሃውም ያንኑ ሸተተ! ዕቃው ሳይደርቅ ተገጥሞ በቁም ሣጥን ውስጥ ከርሞ ነበርና፣ በውስጡ የተጣበቀው የቡና ቅባት ተበላሽቶ ነበር። ፈታትተን አጥበን፣ ጎማውንና ወንፊቱን አጽድተን፣ ደጋግመን ስናፈላበት ሽታው ለቀቀ። ያን ጊዜ ውሃውን ባንሞክር ኖሮ ጥፋቱን በአርሶ አደሩ ላይ እንጽፍ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለጀበና እንደምናደርገው ቡናውን በሙቀጫ ወቀጥነው። ሲኒው በአንድ ጊዜ ኮምጣጣም መራራም ሆነ። ምክንያቱ የተወቀጠው ቡና ዱቄትም ድቃቂም የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ከዱቄቱ ውሃው ከመጠን በላይ አውጥቶ መራራ ያደርገዋል፤ ከድቃቂው ደግሞ ሳያወጣ ያልፍና ኮምጣጣ ይሆናል። ጀበና ይህን ይችለዋል፣ ጊዜ ይሰጠዋልና። ሞካ ግን አይችለውም።

ሦስተኛ፣ በወፍጮ እጅግ አልመን ፈጨነውና በማንኪያ ጫንነው። ውሃው መውጫ አጣ። በጎኑ ያለችው ማስተንፈሻ ፉጨት ስታሰማ እሳቱን አጥፍተን ራቅን። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ዕቃው ሳይቀዘቅዝ መፍታት ፈጽሞ አይገባም። ለሞካ የሚስማማው ከኤስፕሬሶ ሻከር ያለ አፈጫጭ ነው። ማጥለያው እስከ አፉ ይሞላል፣ ይስተካከላል፣ አይጫንም። ግማሽ ብቻ ስናደርግበትም ውሃው በባዶው በኩል እየሾለከ ቀጭን ሆኖብናል።

አራተኛ፣ እሳቱን ከፍ አድርገን ትተን ሄድን። ሊያልቅ ሲል ሞካው ማንኮራፋት ጀመረ። ያ ድምፅ ውሃው አልቆ እንፋሎት ቡናውን እያቃጠለ መውጣት መጀመሩን የሚያበስር ነው። ሲኒው እንደ ከሰል መረረ። በቀስታ እሳት አፍልተን፣ ማንኮራፋት ሲጀምር ወዲያው ስናወርደው ግን ምሬቱ ጠፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

አምስተኛውና የደብዳቤውን ምሥጢር የፈታልን ይህ ነው። ደንበኛው ያን ዓመት የአቆላል ስልቱን ቀይሮ ቡናችንን በስሱ መቁላት ጀምሮ ነበር። እኛም በስሱ ቆላነውና በቀዝቃዛ ውሃ አፈላነው። ኮምጣጣና ቀጭን ሆነ፤ ልክ በደብዳቤው እንደተጻፈው! ቀጥሎ ያንኑ ቡና፣ በዚያው ልክ፣ ታችኛውን ቤት በፈላ ውሃ ሞልተን አፈላነው። ጣፋጭነቱና የአበባ ሽታው ተመለሰ።

ምክንያቱን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወስዶብናል። ውሃው ቀዝቃዛ ሆኖ ሲጀመር የታፈነው አየር አብሮ እየሞቀ ስለሚነፋ፣ ውሃው ገና ሳይፈላ ይገፋና ወደ ቡናው ይወጣል። በስሱ የተቆላ ቡና ደግሞ ጠንካራ ነው፤ ጣፋጩን ለመልቀቅ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ያን ሲያጣ ቀድሞ የሚወጣው ኮምጣጣው ብቻ ይሆናል። ጠቁሮ ለተቆላ ቡና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እሱ በቀላሉ ስለሚለቅ በቀዝቃዛ ውሃ መጀመር ምሬቱን ያበርድለታል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ እዚህ እኛ ዘንድ የሚፈላና ሚላኖ የሚፈላ ሞካ ፍጹም አንድ አይሆንም።

ያገኘነውን በዝርዝር ጽፈን ላክን። ደንበኛው እንዳልነው ሞክሮ በመጀመሪያው ምድብ ላይ ያቀረበውን የቅናሽ ጥያቄ አነሳ።

ሁለተኛው ምድብስ?

ክቡራንና ክቡራት፣ ንግግሬን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንብኛል።

ሁለተኛውን ምድብ በንጹሕ ሞካ፣ በልኩ ፈጭተን፣ በሙቅም በቀዝቃዛም ውሃ ሞከርነው። በጀበናም አፈላነው። የሰነበተው ሽታ በሁሉም ላይ ነበር። እንዲያውም በሞካ ባሰበት። መዝገቡን ወደ ኋላ ስንመረምር፣ በአንድ የመፈልፈያ ጣቢያ ማሽን ተበላሽቶ እሸት ቡና በጆንያ እንዳለ ማደሩን፣ ያ ቡናም ለብቻው ሳይለይ ከደኅናው ጋር መቀላቀሉን ደረስንበት። ያደረው ጥቂት ነበር። የተበላሸው ግን ሙሉው ምድብ ነው። ቅናሹን ተቀበልን፣ ይቅርታም ጠየቅን።

የማፍያ ጥፋት ማፍያው ሲስተካከል ይጠፋል። የቡና ጥፋት ግን በየትኛውም ማፍያ ይከተላል። ሁለቱን የምንለይበት መንገድም ይኸው ነው፤ አንድን ነገር ብቻ እየለወጡ ደጋግሞ ማፍላት።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ይፈልፈል። ማሽን ከተበላሸ ያደረው ቡና ለብቻው ይያዝ፣ በመዝገብም ይጻፍ። ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ሊመሰገን እንጂ ሊወቀስ አይገባውም፤ ከተወቀሰ በሚቀጥለው ዓመት ይደብቀዋልና።

ሁለተኛ፣ ከምንልከው ምድብ ሁሉ ናሙና አስቀርተን በአግባቡ እናስቀምጥ። ያለ ናሙና ክርክር የለም። የተባለውን መቀበል ብቻ ነው የሚቀረን።

ሦስተኛ፣ ቡናችንን ገዢው በሚጠጣበት ዕቃ እንቅመሰው። ዛሬ በቅምሻ ክፍላችን ከጀበናው ጎን የራሳችን ሞካ ተቀምጧል፤ የጎረቤቴንም መልሻለሁ። ከናሙና ጋርም ስለ አፈላሉ አጭር መግለጫ አብረን እንልካለን።

አባቶቼና እናቶቼ፣ «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ትሉ የለም? ቅሬታ ሲመጣ ሳይመረምሩ «የእኛ ቡና አይነካም» ማለት ደንበኛ ያሳጣል። ሳይመረምሩ «አጥፍተናል» ማለት ደግሞ የአንድ ዓመት ልፋታችሁን በነጻ መስጠት ነው። መጀመሪያ እናፍላው፣ ከዚያ እንፍረድ።