ማድ ቤታችንን በትንሽ ወጪ እንዴት እናድስ?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማድ ቤት ነው። «ይሄማ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ማድ ቤት የሚበላ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው። የማይበላ ሰው ደግሞ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ ወጥ የሚያጣፍጠው ሙያ ነው። ዳሩ ግን ጉልቻው ሲለወጥ ጢስ ይቀንሳል፤ ማገዶ ይተርፋል፤ ሕፃን ከእሳት ይድናል። እንግዲህ ንግግራችን ስለ ወጡ ሳይሆን ስለ ወጥ ሠሪዋ ነው።

ጢስ ምን ያደርጋል?

እናት ቆጮ ስትጋግር፣ ጎመን ስትቀቅል፣ ቡና ስታፈላ በቀን ብዙ ሰዓት ከእሳት ዳር ትቆያለች። ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አለ። እሷ የምትስበውን ጢስ ሕፃኑም ይስበዋል። ጢስ ዓይን ማቃጠሉን ሁላችንም እናውቃለን። በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ቶሎ አይታይም። በትልቅ ሰው ላይ ሥር የሰደደ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል፤ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስና በመሰል የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

«አያቶቻችንስ በጢስ ውስጥ አልኖሩም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ኖረዋል፤ ተጎድተዋልም። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የሣርና የቀርከሃ ጣሪያ ጢሱን በየክፍተቱ ቀስ እያለ ያሳልፈዋል። የቡና ገንዘብ ሲመጣ በብዙ ቤት ሣሩ በቆርቆሮ ተተካ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ ጢስም አያስወጣም። ጣሪያውን ስንለውጥ የጢሱን መንገድ ዘጋንበት፤ ሌላ መንገድ ግን አልከፈትንለትም።

ማድ ቤት ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

በአካባቢያችን ዋናው ገንዘብ የሚገኘው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቡና ሲለቀም ነው። ገንዘቡ እጅ ሲገባ መጀመሪያ እንግዳ የሚያየው ይሠራል፤ የፊት በር፣ ወንበር፣ ቀለም። ማድ ቤቱ እንግዳ ስለማያየው «ለከርሞ» ይባላል። ከርሞም ሲመጣ እንዲሁ ይባላል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ብዙ ሕዝብ በተፈናቀለ ጊዜ ስንቱ ቤተሰብ ኑሮውን እንደገና ከሦስት ድንጋይ ጀመረ። ኑሮ የሚጀምረው ከፊት በር ሳይሆን ከእሳት ዳር መሆኑን ያን ጊዜ አይተናል።

ከምን እንጀምር?

አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው ቅደም ተከተል ማወቅ አለበት።

አንደኛ፣ ጢሱን እናስወጣ። ትኩስ ጢስ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ግድግዳው ከጣሪያው በሚገናኝበት ቦታ፣ በሁለት ትይዩ ወገን፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት እንተው። አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ እንሸፍነው። በምድጃው አጠገብ ደግሞ አንድ መስኮት ይውጣ። ጣሪያው የሣር ከሆነ ግን የጢስ ማውጫ ቱቦ በሣሩ መካከል አናሳልፍ፤ ብልጭታ ቤቱን ያቃጥላል።

ሁለተኛ፣ ምድጃውን እንለውጥ። ምርጥ የሚባለው የምጣድ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቁርጥራጭ ተሠርቶ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ስለሚከልለው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያድናል። በስተኋላው ድስት የሚጣድበት ቦታ ስላለው ከምጣዱ የተረፈው ሙቀት ለጎመንም ለቡናም ይሆናል። ይህን ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ በድንጋይና በጭቃ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ምድጃውን በላዩ ያድርግ። ከፍታው እስከ ወገብ ቢሆን ሴቲቱ ከማጎንበስ ታርፋለች፤ የሚድህ ሕፃንም እሳቱ ላይ አይወድቅም። የደረቀ የእንሰት ቅጠልና ቃጫ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ማገዶውን እናድርቅ። እርጥብ እንጨት እሳቱን የሚጨርሰው ውሃውን በማትነን ነው፤ ለዚህ ነው የሚጨሰው። አሮጌ ቡና ሲጎነደል የሚገኘውን እንጨት ፈልጠን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ብንደረድረው ክረምቱን በደረቅ ማገዶ እናልፋለን። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አራተኛ፣ ዕቃና ውሃ ቦታ ይኑራቸው። በቀርከሃ የተሠራ መደርደሪያ ሳህንና ድስትን ከመሬትና ከዶሮ ይጠብቃል። የሚጠጣ ውሃ ክዳን ባለው ጀሪካን ከምድጃው ርቆ ይቀመጥ። እጅና ዕቃ የሚታጠብበት ቦታ ውሃው ወደ ውጭ የሚወርድበት ቦይ ይኑረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አገራችን ብርድ ነው። ሌሊት የከሰል ማንደጃ ይዞ በተዘጋ ክፍል መተኛት ይገድላል። ከሰል ጢሱ አይታይም እንጂ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ አለው።

ወጪውን እንዴት እናስላ?

የሲሚንቶና የሚስማር ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ እዚህ ዋጋ መናገር አይጠቅምም። ዘዴውን ግን ልንገራችሁ። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በሦስት ዓምድ ክፈሉት። በመጀመሪያው ከደጃችሁ የሚገኘውን ጻፉ፤ ቀርከሃ፣ ጭቃ፣ የገብስ ጭድ፣ ድንጋይ። በሁለተኛው በጉልበት የሚሠራውን ጻፉ፤ ጭቃ ማቡካት፣ መምረግ፣ መስኮት ማውጣት። ይህ በደቦ ያልቃል። በሦስተኛው በብር የሚገዛውን ብቻ ጻፉ፤ ምድጃው፣ ሚስማር፣ የወንፊት ሽቦ፣ ማጠፊያ። ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ አጭር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለደብዳቤ ብቻ አይደለም፤ ለእንዲህ ያለውም ሒሳብ ነው።

ጊዜውም ይመቻል። የቡናው ገንዘብ እጃችን የሚገባው ዝናቡ በሚጋብበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ጭቃ በደንብ የሚደርቀውም ያኔ ነው። ሥራውን እስከ በልግ ካቆየነው ገንዘቡም ያልቃል፤ ግድግዳውም አይደርቅም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግን አባወራው ሚስቱን ይጠይቅ። ምድጃው የት ይሁን? መደርደሪያው ምን ያህል ይርዘም? በየትኛው እጇ ነው ድስት የምታወጣው? ይህን የምታውቀው የምታበስለው ናት። ሳትጠየቅ የተሠራ ማድ ቤት ብዙ ጊዜ እንደገና ይፈርሳል።

በመጨረሻም ከማድ ቤት ወጣ ብለን ማሳውን እንመልከት። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የተመዘገበውም ዛፍ፣ እንሰትና ቡና አንዱ በሌላው ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት የእርሻ ዘዴ ስላለው ነው። በየምድጃው የሚተርፈው ፍልጥ ሲደመር ያልተቆረጠ ዛፍ ነው። ቡናችን ደግሞ የሚኖረው በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የቆርቆሮ ጣሪያ ከሣር ጣሪያ የሚለየው ጢስን በሚመለከት ምን ላይ ነው?
2. በእናንተ ማድ ቤት ያለ ምንም ወጪ ዛሬ ሊሻሻል የሚችለው ምንድን ነው?
3. ሦስቱን ዓምዶች በደብተራችሁ ላይ ሠርታችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ሙሏቸው።