ሥልጠና ከሥራው ይነሣ



የኅብረት ሥራ ማኅበራት 5ኛው መርሕ ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ ነው። በ1988 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸደቀው ይህ መርሕ አባላትን ብቻ ሳይሆን የተመረጡ ተወካዮችን፣ ሥራ አስኪያጆችንና ሠራተኞችንም ይመለከታል።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛው፣ የሒሳብ ሠራተኛውና እህል ገዥው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ዓይነት ትምህርት ይሰጣቸዋል። ከኩታበር ደጋ ቀበሌ የሄደው የመጋዘን ሠራተኛ ደብተሩን ሞልቶ ይመለሳል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ ያለፈ ስንዴ ሲመጣለት ግን ይቀበል ወይስ ይመልስ ይቸግረዋል። እህሉ ከሻገተ ኪሳራው የአባላት ነው።

ስለዚህ ሥልጠና ከመነደፉ በፊት እህሉ የሚጎድለውና የሚበላሸው የት እንደሆነ ይጣራ፦ በሚዛን፣ በእርጥበት ወይስ በደረሰኝ? ከዚያም ለእያንዳንዱ ችግር ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ ትምህርት በአካባቢው አነጋገር ይቀረጽ። ኔትወርክ በተገኘበት ቦታ በስልክ ተጭኖ፣ ኔትወርክ በሌለበትም የሚታይ ይሁን። ስማርት ስልክ ለሌለው በድምፅ ይድረሰው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር በተራ ስልክ ቁጥር እየተጫኑ የግብርና ምክር መስማት እንደሚቻል አሳይቷል።

ውጤቱም በምስክር ወረቀት ሳይሆን በመጋዘኑ ይለካ። ሠልጣኙ ናሙና ወስዶ እርጥበት ይለካ፤ ሚዛኑን ይፈትሽ፤ ደረሰኝ ይቁረጥ። አባሉ ያስረከበው እህል በክብደቱም በጥራቱም ሳይጎድል ለገበያ ከደረሰ፣ ሥልጠናው ፍሬ አፈራ ማለት ነው።