እምነት የደካሞች ምርኩዝ ነውን?

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመርሐ ግብሩ እንዳያችሁት የተመደበልን ርእስ የሩብ ዓመቱ የሥራ ክንውን ነበር። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ እርሱን ለውይይቱ ሰዓት ትተን፣ ቀደም ሲል በአንድ አጥቢያ ሥልጠና ስንሰጥ ስለ ተጠየቅነውና በቅጡ ሳንመልሰው ስለ ቀረነው ጥያቄ እንድንናገር ፍቀዱልን።

ጠያቂው በዚያው አጥቢያ ያደገ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የዘመረ፣ ዛሬ በጤና ባለሙያነት የሚያገለግል ወጣት ነው። ስለ ሕሙማንና ስለ ኀዘንተኞች ጉብኝት ስንናገር እጁን አነሣና፣ «እናንተ የምትሰጡት መጽናኛ ነው። ለተቸገረ ሰው መልካም ነው፤ አልቃወምም። በእግሩ መቆም ለሚችል ሰው ግን ምን ይጨምርለታል? እምነት የደካሞች ምርኩዝ አይደለምን?» አለን። አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ አባት «ይህ የመናፍቃን ጥያቄ ነው» ብለው ሊያስቀምጡት ወደዱ። እኛም ሰዓት አልቋል ብለን አለፍነው። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ አላለቀም ነበር።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 ሃይማኖትን ሕመም ከሚያደነዝዝ ኦፒየም ጋር አመሳስሎታል። ሲግመንድ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፉ፣ እምነት ሰው እንደ ሕፃን ጠባቂ አባት ከመሻቱ የሚወለድ ምኞት ነው ሲል ተከራክሯል። በሀገራችንም በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ ያለፉ አባቶችና እናቶች ይህን ትምህርት ሳይወዱ በግድ ሰምተውታል። ስለዚህ ወጣቱን በመናፍቅነት ከመፈረጅ ይልቅ ጥያቄውን መመርመር ይሻላል።

በመጀመሪያ ደካሞች መሆናችንን አንክድም። በእግዚኦታ አርባ አንድ ጊዜ ማረን እያልን የምንማልድ ሕዝብ ብርታታችንን ልናስመሰክር እንዴት ይቻለናል? ቅዱስ ጳውሎስ በሥጋው የተሰጠው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል፤ አልተወገደለትም፤ ይህንንም ከመሰወር ይልቅ ለቆሮንቶስ ምእመናን ጽፎላቸዋል። በእግሩ ቆሜአለሁ የሚለውም ሰው ቢሆን በደመወዙ፣ በጤናው፣ በዘመዶቹ ወይም በዲፕሎማው ተደግፎ ነው የቆመው። ሁሉም አንድ ነገር ይደገፋል። ጥያቄው የሚደገፈው ነገር ምን ያደርገዋል የሚለው ነው።

እዚህ ላይ አባቶቻችን መርጌታዎች ይፍቀዱልንና ስለ መቋሚያ አንድ ነገር እንበል። ማኅሌት የቆመ ሰው መቋሚያ ለምን እንደሚያዝ ያውቃል። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ጉልበት ይዝላል፤ ስለዚህ ይደገፉታል። ነገር ግን መቋሚያውን የያዘ ሰው አልተኛም፤ ቆሟል። ዝማሜው በደረሰ ጊዜም ያው የተደገፉበት መቋሚያ ከፍ ዝቅ እያለ ለምስጋና ያገለግላል። ስንፍና የሚታየው መቋሚያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወደ ጥግ ሄዶ በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ለወጣቱ ያን ቀን ይህን ብንነግረው ኖሮ ምናልባት ፈገግ ይል ነበር።

ምርኩዝ የያዘ ሰው ምርኩዙ እጁን ሲያቃጥለው ይጥለዋል። እምነት መጽናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ መከራ ባመጣ ጊዜ ሁሉ በተጣለ ነበር። አቡነ ጴጥሮስ ለፋሺስት ኢጣልያ እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። ለልብ ዕረፍት የሚሻ ሰው የሚመርጠው መንገድ ይህ አልነበረም። አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ ነበሩ፤ የተማሩና የተከበሩ ነበሩ ይባል ይሆናል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ የተሠዉት ወገኖቻችን ግን በዓለም ሚዛን ከደካሞች ሁሉ ደካሞች፣ እንጀራ ፍለጋ የተሰደዱ ወጣቶች ነበሩ። ክርስትናቸው በዚያ በረሓ ያመጣባቸው ሞትን ነው። ሰው ለሐሰትም ሊሞት ስለሚችል ሰማዕትነት ብቻውን የእምነትን እውነትነት አያስረግጥም፤ ይህን ወጣቱም ይነግረናል። እምነት ማደንዘዣ ነው የሚለውን አባባል ግን ያፈርሰዋል።

ወጣቱ በሙያው ከሚያውቀው ነገርም አንድ እንጥቀስ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ጠበል የሚጠመቁ አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒቱን እንዲተዉ የሚመክሯቸው ሰዎች ነበሩ። «ድነሃል፤ መድኃኒቱን ጣለው» ከማለት የበለጠ የሚያጽናና ቃል ከየት ይገኛል? ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አሳሰቡ። ይህ ምክር ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው፤ በሽታውን አምኖ መቀበልን፣ ኪኒኑን በየዕለቱ በሰዓቱ መዋጥን ይጠይቃልና።

እስከዚህ ድረስ ለወጣቱ መልስ የሰጠን ይመስለናል። ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣን ሌላ ነገር ነው። ከሥልጠናው ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ወረዳ ባሏ የሞተባትን አንዲት እናት ከአንድ ካህን ጋር ጎብኝተን ነበር። ጸሎት ተደረሰ፤ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልናት፤ ልንወጣ ስንነሣ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቶቼ፤ ጸሎቱስ ደረሰልኝ፤ በሬዎቼንስ ማን ይጠይቅልኝ?» አለችን። የባሏ ወንድም ተዝካሩ ሳይወጣ ሁለቱን በሬዎች ነድቶ ወስዷቸዋል። አጥቢያው በሙሉ ያውቃል። ወሳጁ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው ስለሆነ ግን ሊናገረው የደፈረ አልነበረም። እኛም «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለውን ደግመን ወጣን። በሪፖርታችንም «አንድ ቤተሰብ ተጎብኝቷል» ብለን መዘገብን።

ወጣቱ ትክክል የሆነው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ቀን የእግዚአብሔርን ስም ማደንዘዣ ያደረግነው እኛው ነን። ያቺ እናት አልደከመችም፤ መብቷን ጠይቃለች። የደከምነው እውነቱን ለመናገር የፈራነው እኛ ነን። ሐዋርያው ያዕቆብ የተራበውንና የተራቆተውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብቱትን መገሠጹን ለሌሎች ስናስተምር ኖረናል፤ ለራሳችን ግን አላነበብነውም።

በኋላ ነገሩን ለዚያ ሰው ንስሐ አባት ነገርናቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይሉን ተነሥተው ሄዱ። ምን እንዳሉት አናውቅም፤ መጠየቅም አይገባንም። ከሦስት ሰንበት በኋላ አንደኛው በሬ ተመለሰ። ሁለተኛው ቀድሞ ተሽጦ ኖሯል፤ ይህን እስከምንናገርበት ቀን ድረስ ዋጋው አልተከፈላትም። ሰውየውም ለቤተ ክርስቲያን የሚያዋጣውን ገንዘብ አቁሟል። የሰበካ ጉባኤው አባላት በዚህ ምክንያት ቅር እንደተሰኙብን እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችሁም እዚህ ተቀምጣችኋል።

በእጃችሁ ያለው የጉብኝት መመዝገቢያ «የተጎበኙ ቤተሰቦች ብዛት» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው። ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ «ምን ጠየቁ?» እና «ማን፣ መቼ ተከታተለላቸው?» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይጨመሩበት ዘንድ እንጠይቃለን። ሥራ እንደሚያበዛባችሁ እናውቃለን። ወደዚያ አጥቢያም በሚመጣው ወር እንመለሳለን፤ ለወጣቱም ከመርሐ ግብሩ አንድ ሙሉ ሰዓት ይዘንለታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።