መቶው እንዴት ይከፈላል?
ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደንብና ነጥብ

(በማኅበራችን የጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነው። እኔ መምህርት አይደለሁም፤ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ማስተማር ዘዴ አልናገርም። የምናገረው ስለ ነጥብ ነው፤ ነጥብ ደግሞ ሂሳብ ነው። ይመዘገባል፣ ይደመራል፣ ስህተት ሊገባበት ይችላል፣ በጊዜው ካልታየም ለማረም ያስቸግራል።

የቁጠባ ደብተራችንን አስቡት። የከፈልነው ብር እዚያው ፊታችን ይጻፋል፣ ይፈረምበታል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብላ ቆይታ በመጨረሻ "ስንት አለኝ?" የምትል አባል የለችንም። የልጃችንን ነጥብ ግን ብዙዎቻችን የምናየው ካርድ ሲሰጥ ነው። ያን ጊዜ ሴሚስተሩ አልቋል። የሚቀረን ልጅቷን መቆጣት ወይም መምህሩን መለመን ነው።

በአንድ የትምህርት ዓይነት የሚሰጠው 100 ነጥብ ከአንድ ፈተና የሚገኝ አይደለም። አከፋፈሉ እንደ ትምህርት ቤቱና እንደ መምህሩ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ነው እንበል፦ የመጀመሪያ ቴስት 10፣ ሁለተኛ ቴስት 10፣ የቤት ሥራ 10፣ ደብተር 5፣ የቡድን ሥራ 10፣ ሚድ 15፣ ፋይናል 40። ድምሩ 100 ይሆናል።

አንዲት ልጅ በፋይናል ከ40 30 አመጣች። ሚድ 10፣ የቤት ሥራ 7፣ ደብተር 4፣ የቡድን ሥራ 8። ሁለቱ ቴስቶች በተሰጡበት ቀን ግን አልነበረችም። አንዱን ቀን ውሃ መጥቶ ጀሪካን ስትሞላ፣ ሌላውን ቀን እናቷን ገበያ ስትረዳ ዋለች። ድምሯ 59 ነው። ሁለቱን ቴስቶች ተፈትና በእያንዳንዱ 7 ብታገኝ ኖሮ 73 ይሆንላት ነበር። የጠፋው 14 ነጥብ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ የሁለት ቀን መቅረት ዋጋ ነው። ያንን ዋጋ አስቀድመን ብናውቀው ኖሮ ለውሃው ሌላ ሰው እንፈልግ ነበር።

ደንቡም እንደዚሁ ነው። ስንት ቀን የቀረ ተማሪ ምን ይደርስበታል? በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ ስልኩ መቼ ይመለስለታል? በሕመም የቀረች ልጅ ያመለጣትን ቴስት የምትፈተነው ምን ማስረጃ ስታመጣ ነው? እነዚህን በመስከረም የጠየቀች እናት በጥር አትደነግጥም። ፈቃድ ስንጠይቅም በልጅ አፍ ልከን አይሁን፤ ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞበት በወረቀት ይሁን። በቃል የተባለ ነገር በሂሳብ ቤት ማስረጃ አይሆንም፤ በትምህርት ቤትም ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ደንብ ይከበር ስንል ግን ዱላ ይኑር ማለታችን አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። ልጃችን ተመትታ ስትመጣ "ጥፋት ብታጠፋ ነው" ብለን ማለፍ የለብንም።

ደንቡ በራሱ ክርክር ሲያስነሳስ? በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሂጃብ ጉዳይ የተነሳው ክርክር ፍርድ ቤት መድረሱን ሁላችንም ሰምተናል። ትልልቆቹ ሲከራከሩ ሙስሊም ልጃገረዶች ከክፍል ውጭ ነበሩ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ቀን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትማር። ያለፈ የትምህርት ቀን በፍርድ አይመለስም።

ይህን እዚህ መቀሌ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ትምህርት ቤቶቻችን የተፈናቃዮች መጠለያ ሆኑ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 እንደገና እስኪከፈቱ ሦስት ዓመት ገደማ አለፈ። በ2012 የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች የ12 ዓመት ልጅ ዛሬ 18 ሞልቷታል፤ ምናልባት ገና ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ናት። ለ15 ዓመት ልጅ የወጣ ደንብ ይህችን ልጅ ሲያገኛት እልህ ይይዛታል። ቤት ስትገባ ሥራ ይጠብቃታል፤ "ይበቃሻል፣ አግቢ" የሚላትም አይጠፋም። አንድ ዓመት መድገም ለሌላው ልጅ አንድ ዓመት ነው፤ ለእርሷ ግን ትምህርቱን ጨርሶ መተው ሊሆን ይችላል። መምህራኑም ቢሆኑ ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ከርመው ወደ ሰሌዳው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ወደ እነርሱ ስንሄድ ለመካሰስ አንሂድ።

ነጥብ ለመለመንም አንሂድ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ከክፍል ክፍል እያለፉ 12ኛ የደረሱ ናቸው። ካርዱ ላይ 80 ተጽፎላት በፈተናው 40 ያመጣች ልጅ ተጠቅማለች ማለት አይቻልም። ያልገባ ገንዘብ በደብተር ላይ ቢጻፍ ካዝናው አይሞላም። ልንጠይቅ የሚገባን ነጥቡ እንዲጨመር ሳይሆን የቱ ጋ እንደጎደለ እንዲነገረን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት እያንዳንዷ እናት የክፍሉን ተጠሪ መምህር "መቶው እንዴት ይከፈላል?" ብላ ትጠይቅ። ልጅቷ በየትምህርት ዓይነቱ ጽፋ ቤት ግድግዳ ላይ ትለጥፈው።

ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን የታረሙ ወረቀቶችን አብረን እንይ። ማንበብ የማትችል እናት አታፍርም፤ ወረቀቱን ይዛ ወደ ስብሰባችን ትምጣ፣ እኛ እንደምርላታለን። የድምር ስህተት ካገኘን ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ በትሕትና መምህሩን ትጠይቅ።

ሦስተኛ፣ የቴስት ቀን የታወቀ እንደሆነ ያን ቀን ውሃውም ገበያውም ለሌላ ሰው ይሰጥ። ወንድሟም ጀሪካን መሸከም ይችላል። ጎረቤታሞች የሆንን አባላት ደግሞ በተራ እንረዳዳ።

አራተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። ደብተር፣ ዩኒፎርምና የንጽህና መጠበቂያ ስለምታግዙን እግዚአብሔር ይስጥልን። የምንለምናችሁ ከትምህርት መክፈቻ በፊት እንዲደርስልን ነው። በኅዳር የደረሰ ደብተር የመስከረምን የቤት ሥራ ነጥብ አይመልስም። የንጽህና መጠበቂያ ያጣች ልጅም በየወሩ ቀናት ትቀራለች፤ ከእነዚያ ቀናት አንዱ የቴስት ቀን ሊሆን እንደሚችል የ14ቱ ነጥብ ሂሳብ አሳይቶናል።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ከቁጠባ ደብተራችሁ ጋር የልጆቻችሁን የታረመ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ካልኩሌተሩን እኔ አመጣለሁ።