የሚሸሽ ውሃና የማይሸሽ ውሃ

የሰውን ልጅ አኗኗር ከማኅበረሰቡ ጋር እየኖረ የሚያጠናው ሥነ ሰብ፣ ብዙዎች አንትሮፖሎጂ የሚሉት የዕውቀት ዘርፍ፣ ወንዝን ከመሐንዲሱ በተለየ ዓይን ይመለከታል። መሐንዲሱ በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያልፍ ሲለካ፣ የሥነ ሰብ አጥኚው ውሃው በየትኛው ወር እንደሚመጣና ሲመለስ የሚተወውን መሬት ማን እንደሚያርሰው ይጠይቃል። ሁለቱም ልኬቶች ትክክል ናቸው፤ የፍትሕ ጥያቄ የሚነሣው የውሳኔው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው አንደኛው ብቻ ሲሆን ነው።

የኦሞ ወንዝ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ተነሥቶ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ መውጫ ወደሌለውና አብዛኛው ክፍሉ በኬንያ ወደሚገኘው ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውም የኦሞ ነው። በታችኛው ሸለቆ የሚኖሩት ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች በቀያቸው የሚዘንበው ዝናብ ጥቂትና የማይታመን በመሆኑ፣ ለዘመናት በሩቅ ደጋ የዘነበውን ክረምት በቆላ ሲያጭዱ ኖረዋል። ወንዙ ከሐምሌ ጀምሮ ቀስ እያለ ይሞላ ነበር፤ ዳርቻውን አጥለቅልቆ መሬቱን በጥልቀት ያረጥብ ነበር፤ መስከረም ሲያልፍ ደግሞ ጥቁር ደለል ትቶ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ ሞፈርና ቀንበር አያስፈልግም ነበር፤ ገና ባልደረቀው ጭቃ ላይ በሾለ እንጨት ጉድጓድ እየተበጀ የማሽላ ፍሬ ይጣልበት ነበር፤ ሰብሉም ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ባይዘንብ እንኳ መሬቱ በያዘው እርጥበት ይደርስ ነበር። ይህ ጎርፍ ሸሽ እርሻ ይባላል፤ በጣና ዙሪያ ያለው ገበሬ ባሕር ሸሽ ከሚለው መሬት ጋር የቅርብ ዘመድ ነው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሙርሲዎችን ያጠናው እንግሊዛዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ዴቪድ ተርተን እንዳሳየው፣ ይህ እርሻ በስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ከዝናብ እርሻና ከከብት ርባታ ጋር ተደጋግፎ የሚቆም ምሰሶ ነበር፤ ዝናብ ሲቀርና ከብት በበሽታ ሲያልቅ ቤተሰቡን የሚያሻግረው የወንዝ ዳሩ ማሽላ ነበርና።

ጎርፉ ግን ምሕረት ብቻ አልነበረም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በድንገት ሞልቶ በዳሰነች ምድር ቢያንስ 364 ሰዎችን ገደለ፤ ጎርፍን መግራት ያስፈልጋል የሚለውን ክርክር ያጠናከረው ይኸው አደጋ ሲሆን፣ ክርክሩን ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ለሟቾቹ ፍትሕ መንፈግ ይሆናል። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ፣ የክረምቱን ውሃ አቁሮ ዓመቱን ሙሉ በልኩ ይለቃል። በዓመቱ አማካይ ሲታይ የወንዙ ውሃ ብዙም ያልጎደለ ይመስላል፤ አማካይ ግን ማሽላ አያበቅልም። በግድቡ የተጽዕኖ ጥናት ሰነድ ማካካሻ ተብሎ የቀረበው ለአሥር ቀናት የሚለቀቅ ሰው ሠራሽ ጎርፍም፣ ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሞላ የነበረውን ወንዝ የሚተካ አልነበረም።

የአየር ንብረት ፍትሕ፣ ማለትም የሙቀቱን ጉዳት ጥፋቱ የሌለበት እንዳይሸከም የሚጠይቀው አስተሳሰብ፣ እዚህ ላይ ይፈተናል። የውሃ ኃይል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይባላል፤ መባሉም ልክ ነው፤ ንጽሕናው የተለካው ግን በከባቢ አየር እንጂ በወንዝ ዳር አይደለም። ለዓለም ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አስተዋጽኦ የሌለው ከብት አርቢ፣ መጀመሪያ በሙቀቱ፣ ቀጥሎም ሙቀቱን ለመከላከል በተወሰደው እርምጃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ የብዙዎች ሥጋት ሐይቁ ይጎድላል የሚል ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ከባድ ዝናብ ሐይቁን ከፍ አድርጎ ውሃው በዳሰነች መንደሮችና የግጦሽ መሬቶች ላይ ተኛ። በላይ በኩል የሚሸሸው ጎርፍ ቀርቷል፤ በታች በኩል የመጣው ውሃ ደግሞ አልሸሽ ብሏል። ደለሉ አሁንም በቦታው አለ፤ በዳሰነች ምድር የማሽላ ፍሬ ይጣልበት የነበረው ጭቃ ግን አሁን የሐይቅ ወለል ነው።