የመጀመሪያው የሙዚቃ ሶፍትዌራችሁ

በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት የምትፈልጉ ጀማሪዎች፣ ምርጫችሁን እጃችሁ ላይ ካለው መሣሪያ ጀምሩ። ማክ ወይም አይፎን ካላችሁ ጋራዥባንድ በነፃ ይገኛል። ለዊንዶውስ ኤልኤምኤምኤስ አለላችሁ፤ ክፍያ የለውም፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኤፍኤል ስቱዲዮንም በሙከራ ስሪቱ መለማመድ ትችላላችሁ፤ ግን ካልገዛችሁት ያስቀመጣችሁትን ሥራ መልሶ አይከፍትላችሁም። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት ዘፈኑን በድምፅ ፋይል አውጡት።

ቀጥሎ ምቱን እዩ። ሶፍትዌሮቹ ሲከፈቱ ባብዛኛው 4/4 ላይ ናቸው፤ ችክችካ ለመሥራት 6/8 ምረጡ። መጀመሪያ ከበሮውን፣ ከዚያ ቤዙን፣ በመጨረሻ ዜማውን አስገቡ።

ሶፍትዌር ስትቀያይሩ ጊዜ አታባክኑ። አንዱን ይዛችሁ አንድ ዘፈን ጨርሱ፤ ሙያው የሚገኘው ሲጨርሱ ነው።